ባል 55 ይላል፣ ሚስት 32 ትላለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። እስካሁን የምናየው ስንጋባ እናቴ የሰጠችን፣ ጀርባው የወጣ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። አሁን ምስሉ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ጎኑን ካልመቱትም አይነሳም። ሰሞኑን የ40 ሺህ ብር እቁብ ወጥቶልናል። ባለቤቴ “ከተገዛ አይቀር 55 ይሁን፣ ኳስ በትንሽ ስክሪን አይታይም” ይላል። እኔ ደግሞ 32 ይበቃናል፣ የተረፈው ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይሁን እላለሁ። ሱቅ ስንዞር አንዱ ስማርት ነው፣ አንዱ አንድሮይድ ነው፣ አንዱ ፎርኬ ነው እያለ ግራ አጋባን። ዋይፋይ የለንም። ዲሹ የጋራ ነው። ለእኛ ቤት የቱ ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የገዛ እህቴ የምታወራኝ ነው የመሰለኝ። አንቺ ብልሽ ቅር እንዳይልሽ። ጎኑን ካልመቱት የማይነሳውን ቴሌቪዥንማ በደንብ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ሲመላለስ ኖሯል። ሲመቱት የሚነሳው ውስጡ ያለ ብየዳ ስለተሰነጠቀ ነው። በጥፊ ሲሉት ለጊዜው ይነካካል። አሁን ግን አርፎ ይተኛ።

ሱቅ መዞሩን ለጊዜው አቁሙና መጀመሪያ ሜትር ተዋሱ። ሶፋው ላይ ቁጭ በይ፤ ባለቤትሽ ከዓይንሽ እስከ ቡፌው ድረስ ይለካ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ብዙ ገብቻለሁ። ሁለት ሜትር ከግማሽ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ለዚህ ርቀት እኔ የምመርጠው 43 ኢንች ነው። ለሁለታችሁ አስታራቂ ልሁን ብዬ መሃሉን የያዝኩ እንዳይመስልሽ። 32 ኢንች ላይ ከሶፋው ሆናችሁ ከኳሱ ጎን የተጻፈውን ውጤት ለማንበብ አንገት ታሰግጋላችሁ። 55 ደግሞ ወርዱ ብቻ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቡፌያችሁ ላይ መቀመጡንም እጠራጠራለሁ። በያዛችሁት ብር 55 የሚሰጣችሁ ሰው ካገኛችሁም፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ነገ ሲበላሽ ዕቃ የማይገኝለት ይሆናል። ለባለቤትሽ እንዲህ በይው፦ ካለን 21 ወደ 43 ስንሄድ ስክሪኑ በስፋት ወደ አራት እጥፍ ገደማ ያድጋል። እውነት ነው፣ ማስላት ይችላል።

ዋጋ አልጽፍልሽም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ መጽሔቱ እጅሽ እስኪገባ ያረጃል። መርካቶና ስታዲየም አካባቢ ቢያንስ አራት ሱቅ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። 40 ሺውን ሁሉ ለስክሪኑ አታውሉት። ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ያዙ። ምን እንደሚገዛበት ወደ ታች እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቴሌቪዥን ያምራል። ለምን አያምርም? የሚከፍቱልሽ በፍላሽ የተጫነ የበቀቀንና የፍራፍሬ ቪዲዮ ነው። ብርሃኑንና ቀለሙን ደግሞ እስከ ጥግ ከፍተውታል። ቤትሽ ውስጥ በቀቀን አታዪም። የምታዪው ዜና፣ የበዓል ዝግጅትና የልጆች ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የራስሽን ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። በላዩ ላይ ስልክሽ ላይ ያለ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ጫኚ። የሰው ፊት እንደ ብርቱካን ከቀላ ምስሉን “ስታንዳርድ” ላይ አድርጉልኝ በይ። ከዚያም አምስት ባዶ ፎቶዎች ጨምሪ፦ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ነጩ ላይ ጥላ ካየሽ፣ ጥቁሩ ላይ የምታበራ ወይም ቀለሙ ላይ የማትለወጥ ነጥብ ካየሽ፣ ሌላ ካርቶን ይከፈትልሽ። ሻጩ ሊያኮርፍ ይችላል። ያኩርፍ።

ድምፁንም አዳምጪ። ቀጫጭኖቹ ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያቸው ከሥር ወደ መሬት ነው የሚመለከተው። ዘፈን ሲከፈትበት ደህና ይመስላል፤ ሰው ሲያወራ ግን በጆንያ ውስጥ ሆኖ ነው። ንግግር ያለበት ነገር አስከፍቺ።

ሜትሩንም አትርሺ። ኢንች የሚለካው ከታችኛው ጥግ እስከ ተቃራኒው የላይኛው ጥግ፣ ምስል የሚታይበትን ክፍል ብቻ ነው፤ ፍሬሙ አይቆጠርም። 43 ማለት 109 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ 43 ተብሎ የተሸጠ፣ ስለካው 102 የሆነ ገጥሞኛል። 40 ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ሲያየው አላወቀም ነበር። እኔም ባልነግረው ይሻል ነበር፣ ምሳውን አልበላም።

ሌላው ማደናገሪያ “ሱፖርት ፉል ኤችዲ” የሚለው ጽሑፍ ነው። ፉል ኤችዲ ማለት ስክሪኑ ራሱ 1920 በ1080 ነጥብ አለው ማለት ነው። “ሱፖርት” ማለት ግን ምልክቱን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ ስክሪኑ 1366 በ768 ሊሆን ይችላል። 32 ኢንች ላይ ችግር የለውም። 43 ላይ ግን አትቀበዪ። ፎርኬ 3840 በ2160 ነው። በሁለት ሜትር ከግማሽ ርቀት፣ በ43 ኢንች ላይ፣ ፉል ኤችዲውንና ፎርኬውን ዓይንሽ አይለያቸውም። ከዲሹ የሚመጣልሽም ፎርኬ አይደለም። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ውሰጂው። ጭማሪ ከተጠየቀበት ተይው።

ስማርት የሚባለው ኢንተርኔት የሚገባበት ነው፤ አንድሮይድ ደግሞ ስማርቱ የሚሠራበት አንዱ ሥርዓት። ዋይፋይ የለንም ብለሻል። በስልክ ዳታ ዩቲዩብ በፉል ኤችዲ ብታዪ በሰዓት ከአንድ ጊጋ በላይ ይበላል። ልጆቹ አንዴ ከለመዱት ካርድ አይበቃችሁም። ስለዚህ ለስማርትነቱ ብለሽ ገንዘብ አትጨምሪ። በ43 ኢንች ስማርት ያልሆነ ከጠፋ ግን ይገዛ፤ እያበሩና እያጠፉ ቶሎ መነሳቱን እዩ።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የዲሹ ጉዳይ ነው። አንድ ደንበኛዬ አዲስ 50 ኢንች ገዝቶ በሳምንቱ መጣ። “ከድሮው ይብሳል፣ አታለሉኝ” አለ። ፊቱ ጠቁሯል። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ምስሉ እውነትም እንደ እርጥብ ወረቀት የተዋጠ ነበር። ዜና አንባቢው ደግሞ በአንድ ሌሊት ሃያ ኪሎ ጨምሯል። ቡፌውን ሳብ አድርጌ ጀርባውን ሳይ፣ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ያው የድሮው ሦስት ቀለም ገመድ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። በዚያ ገመድ ኤችዲ አይሄድም። ሪሲቨሩ ላይ ኤችዲ ምስል የሚያልፍበት፣ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ቀዳዳ ነበር፤ አቧራ ጠግቦ ተቀምጧል። ገመዱን ቀየርኩ፣ ሪሲቨሩ ውስጥ የምስሉን ቅርጽ ከድሮው 4 በ3 ወደ ሰፊው 16 በ9 አዞርኩ። ዜና አንባቢው ከሳ። ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ ሻጩ ጋ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም።

እንግዲህ የእናንተን ሪሲቨር ጀርባ እዪ። ኤችዲኤምአይ ካለው ገመድ ብቻ ግዙ። ከሌለው ከያዛችሁት ላይ አዲስ ሪሲቨር ይገዛ። የአገራችን ቻናሎች አሁን በብዛት ያሉት ኢትዮሳት ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ብዙዎቹም የሚሰራጩት በኤችዲ ነው። አሮጌ ሪሲቨር ወይ አይጎትታቸውም፣ ወይ ጥራቱን ለቴሌቪዥኑ አያደርስም። አንዳንድ ቴሌቪዥን የዲሹን ገመድ ያለ ሪሲቨር በቀጥታ ይቀበላል። ካርቶኑ ላይ “ዲቪቢ ኤስ2” የሚል ፈልጊ። “ዲቪቢ ቲ2” ብቻ ከሆነ ለአንቴና ነው፤ ለዲሽ አይሆንም። ሻጮች ይህን ያደባልቁታል፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ፣ አንዳንዱ ራሱም ሳያውቀው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥን አይሞትም። የሚሞተው ሲመጣ ነው። መብራቱ ሲመለስ ለአፍታ ዘሎ ይገባና ፓወሩን፣ ማለትም መብራት የሚቀበለውን ክፍል፣ ያቃጥለዋል። የባሰው ደግሞ ኑትራል የሚባለው ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ ነው። በሦስት መስመር የሚመጣ መብራት ኑትራሉ ሲቋረጥ ወደ አንዳንዱ ቤት 220 መሆኑ ቀርቶ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊገባ ይችላል። አንድ የክረምት ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከአንድ ብሎክ ብቻ አምስት ቴሌቪዥን ተሰልፎ ጠበቀኝ። ሁሉም የሞቱት በአንድ ሌሊት ነው። አራቱ የተሰኩት ዲቫይደር ላይ ነበር። ባለቤቶቹ ዲቫይደር ይከላከላል ብለው ያምኑ ነበር። ዲቫይደር አንዱን ሶኬት አምስት ያደርጋል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ስለዚህ ያዙ ያልኩሽ ብር መጀመሪያ የሚውለው ለዚህ ነው። ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ቆርጦ የሚያቆም፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ወይም ስታብላይዘር ግዢ። ስትገዢ “ሲመለስ ይጠብቃል ወይ?” ብለሽ ጠይቂ፤ እዚያው ሱቅ ሶኬቱን ነቅለሽ መልሰሽ ሰክተሽ እዪው። እሱም ቢኖር መብራት ሲሄድ መንቀል ልማድ ይሁንባችሁ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲኖር የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። መብረቅ በእሱም በኩል ይገባል። እንጀራ በምትጋግሩበት መስመር ላይም አትሰኩት። ምጣዱ ሲጎትት ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይዘላል። ስለ ቆጣሪው ግን አትስጊ። 43 ኢንች ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ዋት ነው የሚወስደው። ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይሄዳል። አንድ ሰዓት የጋገርሽበት መብራት ቴሌቪዥኑን ከሠላሳ ሰዓት በላይ ያሠራዋል።

ልጆቹስ? በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ቢያርፍ የሚነጥረው ኳሱ ነበር። የፊቱ መስታወት የጣት ውፍረት ነበረው። የአሁኑ ስክሪን የአራት ዓመት ልጅ የወረወረችው ሪሞት ይበቃዋል። ስክሪን ከተሰበረ ደግሞ እኔ ጋ አታምጪው። የሚቀየረው ስክሪን ዋጋ አዲሱን ሊስተካከል ምንም አይቀረውም። ፓወር እጠግናለሁ፣ የጀርባ መብራት እቀይራለሁ። የተሰበረ ስክሪን ግን ሐዘን መድረስ ብቻ ነው የምችለው።

በዚህ ምክንያት እናንተ ቤት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል እመርጣለሁ። ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። አጭር ፊሸር ከነብራኬቱ ተመዞ ይወጣል። ረጅም ፊሸር፣ ድሪልና ውሃ ልክ ያለው ሰው ይስቀለው። ከመግዛታችሁ በፊት ብራኬቱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት አራት ቀዳዳዎች ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ከፍታው ደግሞ ቁጭ ስትሉ ዓይናችሁ የስክሪኑን መሃል እንዲያይ ነው። ሰው ሁሉ ለምን እንደ ግድግዳ ሰዓት ጣሪያ ሥር እንደሚሰቅለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስታጓጉዙ ካርቶኑ ቆሞ ይሂድ። አጋድማችሁ ላዩ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀበሉ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ጀርባው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ቤት ስትገቡ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ “ባክላይት” የሚለውን ከ100 ወደ 60 አውርዱት። ዓይንም ያርፋል፣ የጀርባ መብራቱም ዕድሜ ያገኛል። አሮጌውን ደግሞ ሰፈር ያለ ልጅ “ልፍታው” ቢል አትስጡት። ውስጡ በሥራ ላይ እያለ እስከ 25 ሺህ ቮልት ይደርሳል፤ ተነቅሎም ለጊዜው ይዞ ይቆያል።

ከእቁቡ የተረፈ ካለ ለመስከረም ይሁን። እዚያ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለች ልጄ እዚያ ርካሽ ነው ብላ 50 ኢንች ቴሌቪዥን ልትልክልኝ ነው። ልቀበላት?
ከሐዋሳ

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎ እግዜር ይስጣት። ከመግዛቷ በፊት ግን የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፎቶ አንስታ ትላክልዎ። እዚያ አገር መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ እዚህም ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቀጥታ በሰኩት ቅጽበት ይቃጠላል። በውስጡ ያለው የአሜሪካ አንቴና መቀበያም እዚህ አያገለግልም፤ በሪሲቨር በኩል ግን ያዩበታል። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። በአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሄዶ የተሰነጠቀ ስክሪን ስንት ጊዜ ካርቶኑን ከፍቼ አይቻለሁ። የዚያ አገር ዋስትናም ሐዋሳ ድረስ አይመጣም። ብሩን ትላክልዎና እዚያው ሐዋሳ እያዩ ይግዙ። ልጅዎ ጅዳ ወይም ዱባይ ብትሆን ኖሮ ቮልቱ ስለማያጣላ ነገሩ ቀለል ይል ነበር።

ጥያቄ፦ ባለ 40 ኢንች ቴሌቪዥኔ ሦስት ዓመት ሠርቶ ባለፈው ሳምንት ድምፁ እያለ ምስሉ ጠፋ። ጎረቤቴ ስክሪኑ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ አለኝ። እውነት ነው?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጎረቤትህን ለዛሬ አትስማው። ማታ የቤቱን መብራት አጥፋና ቴሌቪዥኑን ክፈት። የስልክህን ባትሪ አብራና ወደ ስክሪኑ አስጠግተህ በሰያፍ እይ። ደብዘዝ ያለ ምስል ሲንቀሳቀስ ካየህ ስክሪኑ ደህና ነው፤ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው። እኔ ጋ ከሚመጣው ሁሉ ይኼኛው ነው የሚበዛው። ይጠገናል፣ ዋጋውም ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም። ጠጋኙ የተቃጠለችውን አንዷን አምፖል ብቻ ልቀይር ካለህ እምቢ በል። ረድፉ በሙሉ ይቀየር፤ አለዚያ የቀሩት ብዙም ሳይቆዩ ይከተሏታል። ሲከፍተውም አጠገቡ ቁም፤ ስክሪኑ ከውስጥ ሲወጣ የሚነሳው በሁለት ሰው ነው፣ አንዱ አንተ ትሆናለህ።